ስም ያልተጠራበት ቀብር

በዚያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በእድራችን ቤት የነበርነው አምስት ነን። አንደኛው ሰብሳቢያችን፣ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር፤ ሰፈሩ በሙሉ «ጋሼ» ይላቸዋል፣ ሌላ ጋሼ ያለ አይመስልም። ሁለተኛዋ ገንዘብ ያዣችን፣ ከወሎ መጥተው ቦሌ ሚካኤል በርበሬና ቅመም የሚነግዱ ሴት፤ «እትዬ» እንላቸዋለን። ሦስተኛው የንብረት ኃላፊው፣ ድንኳኑንና ወንበሩን የሚጠብቁት፣ ሰው ሲሞትም ጡሩምባ የሚነፉት፤ ድሮ ወታደር ስለነበሩ «አስር አለቃ» ነው የሚባሉት። አራተኛው ለጥያቄ የተጠራው የሚኒባስ ሾፌር። አምስተኛው እኔ፣ ጸሐፊው። ስም መጥራት ሥራዬ ነበር፤ እዚህ ግን የማንንም ስም አልጠራም። የሚያውቁን ያውቁናል።

ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል አካባቢ ነበር። መስኮቱ ክፍት ነው። ግድግዳውን ተደግፎ እስከ ጣሪያው የተቆለለ ወንበር አለ፣ ከወንበሩ ጎን የተጠቀለለው ድንኳን። ድንኳኑ ከሁለት ቀን በፊት ዝናብ ነክቶት ስለነበር ቤቱ እርጥብ ሸራ ይሸታል።

እኔ ጸሐፊ የሆንኩት በጽሕፈቴ ነው። ከአሥረኛ ክፍል በኋላ አልተማርኩም። የሞባይል ጥገናን የተበላሹ ስልኮች እየፈታሁ ራሴ ነው የለመድኩት፤ አሁንም በሱ ነው የምኖረው። አባቴ ሲሞት የእድር ቦታው ለእኔ ተላለፈ። ጋሼ አንድ ቀን ሱቄ በር ላይ የለጠፍኩትን ማስታወቂያ ቆመው አነበቡና «ይህን ማን ጻፈው?» አሉ። እኔ አልኳቸው። «ስርዝ ድልዝ የለውም» ብለው ሄዱ። በሚቀጥለው ስብሰባ ጸሐፊ ተባልኩ።

የእድራችን ልማድ እንዲህ ነው። ከቀብር መልስ ሰዉ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ንፍሮውን ሲቀማምስ ጸሐፊው ቆሞ ስም ይጠራል። «አቤት» ያለ ራይት ይደረግለታል፣ መልስ የሌለው «ቀ» ይጻፍበታል፣ ቀሪ ለማለት። ለእያንዳንዱ ቀብር አንድ ሉክ ወረቀት አለ፣ በማስመሪያ የተሰመረ፤ ሉኩ ክላሰር ውስጥ ይገባል። ሦስት ቀብር በተከታታይ ያለ ፈቃድ የቀረ ይሰረዛል። የተሰረዘ ሰው ተመልሶ መግባት ይችላል፣ ግን እንደ አዲስ አባል ነው የሚቆጠረው፤ ስድስት ወር እስኪሞላው ድረስ ከቤቱ ሰው ቢሞት ድንኳን አይወጣለትም፣ ጡሩምባም አይነፋለትም።

ይህን ደንብ ያረቀቁት ጋሼ ናቸው። በራሳቸውም ላይ ሠርተውበታል። ባለቤታቸው ኦፕራሲዮን በሆኑበት ሳምንት አንድ ቀብር ቀሩ፣ ፈቃድ መጠየቁን ረስተውት። ማንም አልጠየቃቸውም። እሳቸው ግን በሚቀጥለው ስብሰባ ተነሥተው «እዚያ ጋ ቀ ጻፍብኝ» አሉኝ፣ ከዚያም ሁለት ቀብር ሙሉ ከወጣቶቹ ጋር ወንበር ሲሸከሙ ዋሉ። በዚያ ዕድሜያቸው። ሰፈሩ ይህን ረስቶት አያውቅም። ሾፌሩም አልረሳውም፤ ነገሩን ሁሉ ያከበደው ይህ አለመርሳቱ ነው።

የሾፌሩ ቤት አባልነት በእናቱ ስም ነበር። እናቱ እድሩን ከመሠረቱት አንዷ ናቸው። አልጋ ላይ ከዋሉ ወዲህ ለስማቸው «አቤት» የሚለው ልጃቸው ሆነ። ቁመቱ የበር ጉበን የሚነካ ሰው በሴት ስም አቤት ሲል ወጣቶቹ ይስቁበት ነበር። ተራ ላይም ሳይቀር በእናቱ ስም ይጠሩታል፣ «እማማ እንትና፣ ሞላ! ውጣ እንጂ!» እያሉ። እሱም አይከፋውም፣ የመኪናውን ክላክስ ነፍቶላቸው ይሄዳል።

በዚያ ቅዳሜ ግን በሦስቱ የመጨረሻ ሉኮች ላይ በእናቱ ስም ትይዩ ሦስት ቀ ነበር።

«ጋሼ፣ ሁለቱን ቀርቻለሁ፣ አልክድም» አለ። «መኪናው የሰው ነው። አንድ ቀን ካቆምኩት ቁልፉን ተቀብሎ ለሌላ ይሰጠዋል። ሦስተኛውን ግን አልቀረሁም። ሽማግሌዎቹን ወደ ቀብሩ ማን አደረሳቸው? እርስዎ ራስዎ ጋቢና አልነበሩም?»

«ጋቢና ነበርኩ» አሉ ጋሼ። «አመስግኜሃለሁም። ስም ሲጠራ ግን የለህም።»

«አድርሼ ወደ ሥራ ተመለስኩ።»

«እሱን ነው የምልህ።»

እትዬ መሐል ገቡ። «ወላሂ ይሄ ቀረ አይባልም። ሬሳ የተከተለ ሰው ቀረ ይባላል እንዴ?»

አስር አለቃ ወደ እኔ ዞሩና «መኪናዋን ራይት አድርግላትና እሱን ቀ በለው» አሉ። ሁላችንም ሳቅን፣ ሾፌሩም ሳቀ። ጋሼ ብቻ አልሳቁም።

«ደንቡ ቀብር የሄደ አይልም። ስሙ ሲጠራ የተገኘ ነው የሚለው። ዛሬ ላንተ ሄዶ ነበር ካልኩ፣ ነገ ሁሉም ሄጄ ነበር ይለኛል። ማን ይመሰክራል?»

«እርስዎ ይመሰክሩልኛላ።»

«እኔ እዚህ ዳኛ ነኝ። ዳኛም ምስክርም መሆን አይቻልም።»

 «እናቴ አልጋ ላይ ናት ጋሼ» አለ ሾፌሩ፣ በቀስታ።

«አውቃለሁ ልጄ።»

እዚህ ላይ ይለምናል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ቢለምን ይሻል ነበር። እሱ ግን ራሱን ነቀነቀና «እርስዎ ለራስዎም አላዳሉም። እሺ» አለ። በአዲስ አባልነት መመዝገቢያው ላይ ፈረመ፣ የእናቱን ስም ሳይሆን የራሱን ጽፎ። እጃችንን ጨብጦን ወጣ። የሚኒባሷ ሞተር ሲነሣ፣ ሲርቅም ሰማሁ።

በነዚያው ሉኮች ላይ ሦስት ቀ ያለበት አንድ ሌላ ስም ነበር። ከላይኛው መንገድ ትልቅ ግቢ ያለው፣ መንግሥት ቤት ውስጥ ወንበር ያለው ሰውዬ። አንዱንም ቀብር አልመጣም፣ መኪናም አላዋሰም፣ ሰውም አልላከም። በዚያን ሰሞን መንገድ ሊሰፋ ነው፣ የእድሩ ቤት መስመሩ ውስጥ ነው ይባል ነበር። ጋሼ ወዲያና ወዲህ ሲመላለሱ ከርመው በመጨረሻ ይህን ሰውዬ አግኝተው ነበር። ሰውዬውም «እኔ አለሁ፣ አያስቡ» ብሏቸዋል። ይህን እኛም እናውቃለን።

ስሙን አነበብኩ። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው በከረባታቸው ጫፍ ወለወሉት።

«ሦስተኛዋን ራይት በላት» አሉ።

«የማንን?»

«የሱን።»

እትዬ ተነሡ። «ሶላት ደረሰብኝ» አሉና ሻርፓቸውን እያስተካከሉ ወጡ። በእርግጥም ደርሶ ነበር፣ ከሩቅ አዛን ይሰማል። ግን ተመልሰው አልመጡም።

እኔ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጋሼን ተከራከርኩ፤ ክርክር ከተባለ። «ለሱ ካደረግን ለልጁስ?» አልኩ።

«ለአንድ ሰው ካጠፋሁ ጥፋት ነው» አሉ፣ ክፍል ውስጥ እንደሚያስረዳ ሰው ቃሉን እየለዩ። «ለሁለት ካጠፋሁ ልማድ ይሆናል።» ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ይሄ ቤት ከፈረሰ ድንኳኑን የት ላስቀምጠው? የሰፈሩ ሬሳ ሁሉ ሜዳ ላይ ይውጣ?» አሉ።

አስር አለቃ መሬት መሬት ያያሉ።

ቀዋን ሰርዤ ራይት ባደርግባት ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ይሆናል። ነገር ግን ሰርዤ መጻፍ አልቻልኩም። ስርዝ ድልዝ ያለበት መዝገብ መዝገብ አይደለም ብለው ያስተማሩኝ ጋሼ ናቸው፤ እኔም የተሰረዘ ነገር ሳይ ያመኛል። አዲስ ሉክ አወጣሁና የሦስተኛውን ቀብር ገጽ እንዳለ መገልበጥ ጀመርኩ። መስመሩን አሰመርኩ፣ ከአንደኛው ስም እስከ መጨረሻው በጥቁር እስክሪብቶ ጻፍኩ። አርባ ደቂቃ ያህል ፈጀብኝ። ሁለቱ ሰዎች ቁጭ ብለው ይጠብቁኛል። 

የሰውዬው ስም ላይ ስደርስ ራይት አደረግኩ።  የሾፌሩ እናት ስም ከሱ ዝቅ ብሎ ነው። እዚያ ስደርስ እስክሪብቶዬ ቆመ። ወረቀቱ አዲስ ነው፣ ሣጥኑ ባዶ ነው፣ የምጽፈው እኔ ነኝ። ራይት ለማድረግ የሚያስፈልገው የእጅ እንቅስቃሴ ቀ ከመጻፍ ያነሰ ነው። አንድ ሐሰት በጻፍኩበት ወረቀት ላይ አንድ እውነት መጻፍ እችል ነበር፤ ሾፌሩ በእርግጥ ቀብር ሄዶ ነበርና። ጋሼን ቀና ብዬ አየኋቸው። መስኮቱን ያዩ ነበር።

ቀ ጻፍኩ። ለሁለተኛ ጊዜ፣ አሳምሬ።

አሮጌውን ሉክ አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

በአምስተኛው ሳምንት የሾፌሩ እናት ሞቱ። ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ ሱቄን ልከፍት ስሄድ ልቅሶውን ከበራቸው ሰማሁ። የሰፈራችንን ሰው ጠባይ የማያውቅ አይገባውም። ማንም ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም የቀረው። እኛ ልቅሶ ብንሰማም ጡሩምባውን እንጠብቃለን። ጡሩምባው ሲነፋ ነው ሴቱ ነጠላውን የሚያዘቀዝቀው፣ ወንዱ ሱቁን የሚዘጋው፣ የቀብሩም ሰዓት የሚታወቀው። በዚያ ጠዋት ሰዉ በየበሩ ቆሞ ጆሮውን ሲያቆም ነበር። ጡሩምባው አልተነፋም። ግማሹ ሌላ ሰፈር የሚቀበሩ መሰለው፣ ግማሹ የሞቱት እሳቸው አልመሰሉትም፣ ሌላው ከሰዓት ይሆናል ብሎ ሥራ ሄደ።

አስር አለቃ ጡሩምባቸውን በካኪ ኮታቸው ውስጥ ይዘው ሱቄ መጡ። «ልንፋው?» አሉኝ።

«ጋሼን ጠይቀዋቸዋል?»

«ጠይቄአቸዋለሁ።»

«ምን አሉ?»

«ምንም አላሉም። ዝም ሲሉኝ ወጣሁ።» ጡሩምባውን ከኮታቸው ብቅ አደረጉት። «አንተ ጸሐፊ ነህ። አንተ ንፋው ካልከኝ እነፋዋለሁ።»

ጠረጴዛዬ ላይ ሆዱ የተከፈተ ስልክ ነበር። ብሎኖቹን በክዳን ላይ በቅደም ተከተል ደርድሬያቸው ነበር። እነሱን እያየሁ «ደንቡን ያውቁታል» አልኳቸው። እንዲህ ነው ያልኩት፤ ሌላ ቃል የለውም። እሳቸው ጡሩምባውን ወደ ውስጥ መልሰው ወጡ።

ሾፌሩ ከአጥሩ እስከ ሚኒባሷ ጣሪያ ሰማያዊ ፕላስቲክ ወጥሮ ነበር። ከጎረቤት የተሰበሰበ አግዳሚና የለስላሳ ሣጥን ላይ ሰዎች ተቀምጠዋል። ጋሼ ኮፍያቸውን አውልቀው ብቻቸውን መጡና አንድ ሣጥን ላይ ተቀመጡ። ሾፌሩ ሄዶ ሳማቸው። አንድ እንግዳ፣ ከገጠር የመጣ ዘመድ ይመስለኛል፣ «ቆይ እድር የላችሁም እንዴ? ይቺ ሴትዮ ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ሬሳ ስትከተል አልኖረችም?» አለ፣ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ።

ሾፌሩ ነው የመለሰለት። «እድሩ ልክ ነው ወንድሜ። እነሱ ለሁሉም እኩል ነው የሚሠሩት። እኔ ነኝ የቀረሁት።»

ጋሼ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አዙረው አዙረው አስቀመጡት። እኔን አላዩኝም። እኔ አየኋቸው፣ ከዚያ መሬቱን አየሁ፤ ቀብሩ እስኪያልቅ ድረስ ያየሁት መሬቱን ነው። የሰው ጫማ አስታውሳለሁ፣ ፊት አላስታውስም።

ከዚያ ወዲያ ያለው አጭር ነው። መንገዱ ሰፋ፣ የእድሩ ቤት አልፈረሰም። ዛሬም አለ። ጋሼ በዓመቱ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ «አርጅቻለሁ» ብለው ወረዱ። ሰዉ ጋቢ ሸለማቸው፣ አልለበሱትም፣ አጥፈው ጭናቸው ላይ ያዙት። ሪፖርቱን ያነበብኩት እኔ ነኝ። «በሥራ ዘመናቸው ሁሉ ደንቡን ለማንም ሳያዳሉ» የሚል ዓረፍተ ነገር ነበረበት፤ የጻፍኩትም እኔ ነኝ። አዳራሹ አጨበጨበ። ሾፌሩ ስድስት ወሩን ጨርሶ ተመልሶ ነበር፣ እሱም አጨበጨበ።

አሁንም ስም እጠራለሁ። የእናቱ ስም ዝርዝሩ ላይ የለም፣ የሱ ስም በአዲሶቹ ተርታ መጨረሻ ላይ ነው። እኔ ግን የድሮው ቦታ ላይ ስደርስ ትንፋሼ ይቆማል። ከፊት ያለውን ስም እጠራለሁ፣ «አቤት» ይባላል፣ ከዚያ አንድ ስም የሚያህል ዝምታ ይሆናል። አላስበውም፣ ይመጣል። አንዳንዱ ቀና ብሎ ያየኛል፣ የጠፋብኝ መስመር ያለ እየመሰለው። አንድ ቀን በዚያ ዝምታ ውስጥ ከኋላ የወንድ ድምፅ «አቤት» ሲል የሰማሁ መሰለኝ። ወረቀቴን አየሁ፣ ሰዉን አየሁ። ሾፌሩ በዚያ ቀብር አስፈቅዶ የቀረ ነበር።

ባለፈው ወር ጋሼ ቤት ሄድኩ፣ ልጽፈው ነው ብዬ። ፀሐይ ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠው ነበር። 

«ከጻፍክ ሁሉንም ጻፍ» አሉኝ። «ቤቱ አልፈረሰም ብለህም ጻፍ።»

«እጽፋለሁ ጋሼ።»

«የሰውዬውስ ይሁን። የሱን ለእግዜር እመልሳለሁ። የማይለቀኝ የልጁ ነው። ጋቢና ነበርኩ፣ አይቼዋለሁ ማለት አቃተኝ። ምን ይፈጅብኝ ነበር?» እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ እያሹ ነበር የሚያወሩት። 

ከዚያ ወደ ቦሌ ሚካኤል ተራ ወረድኩ። ሾፌሩ ወረፋ እየጠበቀ የፊት መስታወቱን ይወለውላል። ነገርኩት፤ ሳላሳጥር፣ ቀዋን ሁለት ጊዜ መጻፌንም፣ ጡሩምባ ይዘው ለመጡት ሰው ያልኩትንም። አሮጌውን ሉክ ሰጠሁት። ጨርቁን ትከሻው ላይ ጥሎ አነበበው፣ ጣቱን በስሞቹ ላይ እያወረደ።

«ሁሉንም እንደገና ገለበጥከው?» አለኝ።

«ሁሉንም።»

«አንድ ላንድ?»

«አዎ።»

ወረቀቱን አጥፎ መለሰልኝ። «ይሄ ምን ያደርግልኛል? ሌላው ሰው ሲሞትበት ሉክ አለው። ማን እንደመጣለት ያውቃል፣ ብድሩን ይመልሳል። እኔ ያን ቀን ዓይኔ አያይም ነበር። ከዚያ ወዲህ አንዱ ሰው ሲሞትበት፣ ለእናቴ መጥቶልኝ ነበር ወይስ አልመጣም እያልኩ ነው የምሄደው። ሳልሄድበት የቀረሁት ስንት ሰው ይኖራል?» ተራው ደረሰና ገብቶ በሩን ዘጋ። በመስኮቱ «ጸሐፊ አይደለህ? እሱን ጻፍልኝ» አለኝና ሄደ።

በመጣልን ሰው ቀብር አለመገኘት በእኛ ዘንድ ምን እንደሆነ ለአንባቢ መንገር አያስፈልገኝም። በዚያ ማክሰኞ ስም ስላልተጠራ ለእናቱ ሉክ የለም። አዲስ አስምሬያለሁ። እስካሁን እርግጠኛ ሆኜ የጻፍኩት አሥራ አንድ ሰው ነው፤ ጋሼን፣ አስር አለቃን፣ እትዬን፣ ያን የገጠር ዘመድ፣ ራሴን ጨምሮ። ሬሳውን ከፊት በስተግራ የተሸከመው ቡናማ ጫማ ነበረው፣ የቀኙ ማሰሪያ በነጭ ክር የተተካ። ፊቱን አላየሁም። ከመቃብሩ ራስጌ ጥቁር ጃንጥላ የያዘች ሴት ነበረች፣ እርጉዝ። የለስላሳ ሣጥኖቹን ከየትኛው ሱቅ እንዳመጡ፣ ማን እንዳመጣቸው አላውቅም። ፕላስቲኩን አብሮት የወጠረው ልጅ ከአትላስ ነው የመጣው ያሉኝ አሉ፣ አልተረጋገጠም።

እዚያ የነበራችሁ፣ ሱቄ ኑ፣ ወይም አስር አለቃ ጋ መልእክት ተዉልኝ። ስማችሁን፣ የት እንደቆማችሁ፣ አጠገባችሁ ማን እንደነበር ንገሩኝ። አርፍዳችሁ የደረሳችሁም፣ አድርሳችሁ ወደ ሥራ የተመለሳችሁም ኑ። የተሳሳትኩት ካለ አርሙኝ፤ በዚህኛው ወረቀት ላይ ሰርዤ እጽፋለሁ።